የጎመኑ ቀለም ያልነገረን፦ የአሲድና የአልካሊ ሙከራ የዕለት ማስታወሻ

1ኛ ቀን

የኬሚስትሪ ክበባችን የመጀመሪያ ሥራ አሲድና አሲድን የሚያጠፋው ተቃራኒው፣ አልካሊ፣ እንዲሆን ያደረገው ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ የተነሳ አንድ ጥያቄ ነው። ሰማያዊ ሊትመስ ወረቀት ኮምጣጤ ውስጥ ነከርን፤ ቀላ። 1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ነከርን (ሞላር በአንድ ሊትር ብጥብጥ ውስጥ ምን ያህል እንደሟሟ የሚገልጽ መለኪያ ነው)፤ እሱም ቀላ። «አያችሁ፣ ሁለቱም አሲድ ናቸው» ብዬ ወደሚቀጥለው ላልፍ ስል ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ሁለቱም ወረቀቱን እኩል ካቀሉት፣ አንዱን ሰላጣ ላይ እያፈሰስን ሌላውን ለምን በጓንት እንይዘዋለን?»

«አንዱ ጠንካራ አሲድ ስለሆነ፣ ሌላው ደካማ ስለሆነ» አልኳት። ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ፊቷ ላይ ግን የገባት ነገር አልነበረም። እውነቷን ነው፤ ጠንካራና ደካማ የሚሉ ሁለት ቃላት ሰጠኋት እንጂ ምንም አላሳየኋትም። ስለዚህ ይህ ማስታወሻ የሚከታተለው አንድ ነገር ነው፦ ያቺ ልጅ የጠየቀችውን በዓይኗ እንድታየው ማድረግ። ከሊትመስ ወረቀት ተነስተን እዚያ ለመድረስ ስንት ቀን እንደሚፈጅ እናያለን።

ዛሬ የሠራነው ደንብ ማውጣት ብቻ ነው። መነጽር ያላደረገ ሰው ጠርሙስ አይከፍትም። ምንም ነገር አይቀመስም፤ ሎሚውም ቢሆን ቤተ ሙከራ ከገባ በኋላ ምግብነቱ ቀርቷል። አሲድ ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም። ለዚህኛው ምክንያቱን ጠየቁኝ። ብርቱ አሲድ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ሙቀት ያወጣል፤ ጥቂት ውሃ ብዙ አሲድ ላይ ካረፈ እዚያው ላዩ ላይ ፈልቶ አሲዱን ወደ ፊት ይረጫል። አሲዱ ቀስ እያለ ወደ ብዙ ውሃ ከገባ ግን ውሃው ሙቀቱን ይቀበለዋል። አራተኛው ደንብ በረኪና ወደዚህ ክፍል ጨርሶ አይገባም የሚል ነው። አሲድ ከነካው ክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል፤ ክሎሪን ደግሞ ሳንባ ያቃጥላል። ይህን ቤታቸውም ሄደው እንዲናገሩ አደራ አልኳቸው፤ መጸዳጃ ቤት ሲታጠብ ሁለት የተለያዩ ማጽጃዎችን መቀላቀል የተለመደ ስህተት ነውና።

2ኛ ቀን

ሊትመስ አንድ ነገር «አሲድ ነው» ወይም «አልካሊ ነው» ብቻ ነው የሚለው። የምንፈልገው ከዚያ በላይ የሚናገር አመላካች ነው። ቀይ ጥቅል ጎመን ለዚህ የሚሆን አንቶሲያኒን የሚባል ቀለም አለው። ግማሽ ጎመን በደቃቁ ከተፍን፣ የፈላ ውሃ አፈሰስንበት፣ 20 ደቂቃ ከድነን አቆየነው፣ ከዚያ በጨርቅ አጠለልነው።

የወጣው ሰማያዊ ነበር። ወይን ጠጅ ቀለም ስጠብቅ ሰማያዊ! ልጆቹ ጎመኑ የተበላሸ መሰላቸው። እኔም መጀመሪያ ድስቱን ጠረጠርኩ። ቀሪውን ግማሽ በዚያው ድስት፣ ግን በተጣራ ውሃ ስንሠራው እንደጠበቅነው ወይን ጠጅ ሆኖ ወጣ። የተለወጠው ውሃው ብቻ ነው። የቧንቧ ውሃ ከድንጋይና ከአፈር ያሟሟቸው ባይካርቦኔቶች ይኖሩታል፤ እነሱ ትንሽ ወደ አልካሊ ያዘነብሉታል። ጎመኑ ገና ሥራ ሳንሰጠው ሥራውን ጀምሮ ነበር ማለት ነው።

ሰማያዊውን አልደፋነውም፤ «የቧንቧ ውሃ» ብለን ጽፈንበት መስኮት ላይ አስቀመጥነው። ከዛሬ ጀምሮ የምንበጠብጠው ሁሉ በተጣራ ውሃ ነው።

በዕፀዋት ጭማቂ መመርመር የቆየ ብልሃት ነው። ሮበርት ቦይል በ1664 ስለ ቀለማት ባሳተመው ሥራ የቫዮሌት አበባ ሽሮፕ በአሲድ እንደሚቀላ፣ በአልካሊ ደግሞ አረንጓዴ እንደሚሆን ጽፏል። ለልጆቹ ይህን ስነግራቸው ደስ ያላቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ማለፋቸው ሳይሆን ሰውየውም እንደ እነሱ በአበባ ጭማቂ መጀመሩ ነው።

3ኛ ቀን

የቀለም መሰላል ሠራን። ሰባት ቴስት ቲዩብ፣ በእያንዳንዱ 5 ሚሊ ሊትር፦ የሎሚ ጭማቂ፣ ኮምጣጤ፣ የተጣራ ውሃ፣ የቤኪንግ ሶዳ ብጥብጥ፣ የሳሙና ውሃ፣ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ ብጥብጥ፣ 0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ። በየአንዳንዱ ላይ 10 ጠብታ የጎመን ውሃ።

ጠብታዋ ስትገባ የሚሆነውን በቅርብ ማየት ያስፈልጋል። ቴስት ቲዩቡን ከነጭ ወረቀት ፊት አድርገን አንገታችንን ደፍተን አየን። ኮምጣጤው ውስጥ የገባችው ወይን ጠጅ ጠብታ እንደ ጭስ ወደ ታች ትወርዳለች፤ ከጫፏ ጀምሮ ትቀላለች፣ መሃሏ ለቅጽበት ወይን ጠጅ እንደሆነ ይቆያል፣ ከዚያ ሁሉም ቀይ ይሆናል። ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ ውስጥ ግን የጭሱ ጫፍ መጀመሪያ ሰማያዊ፣ ወዲያው አረንጓዴ፣ ትንሽ ቆይቶ ቢጫ የቀላቀለ አረንጓዴ ሆነ። አንዷ ጠብታ ሦስት ቀለም አልፋ ሄደች። ይህን ለማየት አራቴ ደገምነው፤ ለአራተኛው ጊዜ ምክንያት አልነበረንም፣ ስለሚያምር ነው።

ሲጨርሱ በተርታ የቆሙት እንዲህ ነበሩ፦ ሎሚውና ኮምጣጤው ቀይ፣ ውሃው ወይን ጠጅ፣ ቤኪንግ ሶዳው ሰማያዊ፣ የሳሙናው ውሃ ሰማያዊና አረንጓዴ መሃል፣ ማጠቢያ ሶዳው አረንጓዴ፣ የመጨረሻው አረንጓዴ ቢጫ። አሲድነትን በቁጥር በሚያሳይ የፒኤች ወረቀት አመሳከርን። ሎሚና ኮምጣጤ ከ2 እስከ 3 መካከል፣ ቤኪንግ ሶዳ ከ8 ትንሽ ከፍ ያለ፣ ማጠቢያ ሶዳ 11 አካባቢ፣ የመጨረሻው 13።

ኮምጣጤ በአማርኛ ጠባዩን በስሙ ይዞ ነው የሚዞረው፤ መኮምጠጥ ነው። አሲድ የሚለው ቃልም ከላቲን ሲመጣ ትርጉሙ ኮምጣጣ ማለት ነው። ሰዎች አሲድን በምላስ ያወቁት በቀለም ከማወቃቸው በፊት ነው፤ እኛ ግን በምላስ አንሄድም።

4ኛ ቀን

አጭር ማስታወሻ። የትናንቱን መሰላል ሳናጥብ ትተነው ሄደን ነበር። ዛሬ ስንገባ የሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ ቴስት ቲዩብ ጥርት ያለ ቢጫ ሆኗል። አንድ ልጅ አሲድ ጨምሮ ወደ ቀይ ሊመልሰው ሞከረ፤ እምቢ አለ፣ ደብዘዝ ያለ ሮዝ ብቻ ሆነ። የቤኪንግ ሶዳውን ሰማያዊ ግን በኮምጣጤ ወደ ቀይ፣ መልሰን በሶዳ ወደ ሰማያዊ አመላለስነው። ብርቱ አልካሊ ውስጥ አንቶሲያኒኑ ቀለሙን መለወጥ ብቻ ሳይሆን ይፈርሳል፤ የፈረሰ አይመለስም። ስለዚህ በአልካሊው ጫፍ ላይ ቀለሙን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ማንበብ ነው።

5ኛ ቀን

ዛሬ ስለ ፒኤች ቁጥር። የ0 እስከ 14 ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ልጆቹ በቃላቸው ያውቁታል፦ ከ7 በታች አሲድ፣ 7 ገለልተኛ፣ ከ7 በላይ አልካሊ። ቁጥሩ ምን እንደሚቆጥር ስጠይቃቸው ግን ዝም አሉ።

ስለዚህ እንበርዝ አልኩ። 0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 10 ሚሊ ሊትር በአንደኛው ቴስት ቲዩብ። ከእሱ 1 ሚሊ ሊትር ወስደን 9 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ካለበት ከሁለተኛው ጋር፤ ከሁለተኛው 1 ሚሊ ሊትር ወደ ሦስተኛው፤ እንዲህ እስከ ስምንተኛው። በየእርምጃው አሲዱ 10 ጊዜ ይበረዛል። አንደኛው ላይ በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው የሃይድሮጂን አዮን (አሲዱ ውሃ ውስጥ የሚለቀው ኤሌክትሪክ የያዘ ቅንጣት) አንድ አሥረኛ ሞል ነው (ሞል ኬሚስቶች ቅንጣት የሚቆጥሩበት መለኪያ ነው)፤ ሁለተኛው ላይ አንድ መቶኛ፤ ሦስተኛው ላይ አንድ ሺህኛ። ፒኤች የሚቆጥረው እነዚህን ዜሮዎች ነው፦ 10 ላይ አንድ ዜሮ፣ ፒኤች 1፤ 100 ላይ ሁለት፣ ፒኤች 2፤ 1000 ላይ ሦስት፣ ፒኤች 3። ይህን አጻጻፍ ያመጣው ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረን ሶረንሰን ነው፤ በ1909፣ ኮፐንሃገን ባለው የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ሲሠራ። የዜሮ ሰልፍ መጻፍ አድካሚ ነውና ቁጥራቸውን ብቻ ጻፈ።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል፤ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሁለተኛው፣ ከ3 ወደ 2 መውረድ «አንድ ቁጥር» ሳይሆን 10 እጥፍ ነው፤ ከ5 ወደ 2 ደግሞ 1000 እጥፍ።

የጎመን ውሃ ስንጨምር የመጀመሪያዎቹ ቀይ፣ ከዚያ ሮዝ፣ ከዚያ ወደ ወይን ጠጅ እያሉ ሄዱ። ስምንተኛውን ከመጨመራችን በፊት «ምን ይሆናል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። አብዛኞቹ «ፒኤች 8 ስለሚሆን ሰማያዊ» አሉ። ስሌቱን ይዞ ለመጣ ሰው ትክክለኛ ግምት ነው፤ 1፣ 2፣ 3 እያለ ከሄደ 8 ለምን አይሆንም?

ሰማያዊ አልሆነም። ከአምስተኛው ጀምሮ ያሉት ሁሉ አጠገባቸው ካቆምነው ባዶ የተጣራ ውሃ በዓይን አልለይ አሉ። ጸጥ ብለን አየናቸው። አሲድን በውሃ ሺህ ጊዜ ብትበርዘው አልካሊ አይሆንም፤ ውሃ ነው የሚሆነው። ውሃ ራሱ ከሞለኪውሎቹ ጥቂቶቹ ተከፍለው ሃይድሮጂን አዮንና ሃይድሮክሳይድ አዮን ይይዛል፤ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከእያንዳንዳቸው በሊትር አንድ አሥር ሚሊዮንኛ ሞል። ሰባት ዜሮ ነው፤ ስለዚህ 7። ሁለቱ እኩል ስለሆኑ ገለልተኛ እንለዋለን እንጂ አዮን ስለሌለበት አይደለም። አሲዱ ከዚያ በታች ሲሳሳ የሚታየው የውሃው የራሱ ነው።

እውነቱን ለመናገር የእኛ ውሃ 7ም አልነበረም። ክፍት ሆኖ የቆየ የተጣራ ውሃ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀበል ወደ አሲድ ትንሽ ይወርዳል፤ ንጹሕ ዝናብም በዚሁ ምክንያት 5.6 አካባቢ ነው። አምስተኛውና ስድስተኛው ከባዶው ውሃ ያልተለዩት በከፊል ለዚህ ይመስለኛል።

6ኛ ቀን

ቃላት ለማጥራት ግማሽ ሰዓት። የእንጨት አመድ ውሃ ውስጥ አሳድረን አጥልለነው ነበር፤ የጎመን ውሃ ሲገባበት አረንጓዴ ሆነ። ውስጡ የሟሟው በዋናነት ፖታሲየም ካርቦኔት ነው። አልካሊ የሚለው ስም ራሱ ከዚህ የመጣ ነው፤ በዐረብኛ «አል ቀሊ» የተቃጠለ ዕፅ አመድ ነው። አመድ ውሃ ጣት ላይ የሚያንሸራትተው የቆዳን ቅባት ወደ ሳሙና መለወጥ ስለሚጀምር ነው፤ ደስ የሚል ልስላሴ ይመስላል፣ ግን ቆዳ እየተበላ ነው። የአሲድ ጠብታ ቶሎ ይለበልባል፣ ሰውም ቶሎ ይታጠባል። አልካሊ ዓይን ውስጥ ሲገባ ወደ ውስጥ ዘልቆ ይጎዳል፤ መነጽር ለአሲድ ቀን ብቻ የሚመስላቸው ልጆች ስለነበሩ ይህን ደግሜ ተናገርኩ።

ቤዝና አልካሊ አንድ ናቸው ወይ የሚለውም ተነሳ። ጥቁር የመዳብ ኦክሳይድ ዱቄት ውሃ ላይ በተንነው፤ አይሟሟም፣ ጎመኑም አልተለወጠም። ሞቅ ባለ የተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ግን ጥቁሩ ዱቄት ጠፍቶ ጥርት ያለ ሰማያዊ ወጣ። አሲዱን አጥፍቷል፣ ስለዚህ ቤዝ ነው፤ ውሃ ውስጥ አይሟሟም፣ ስለዚህ አልካሊ አይደለም። አልካሊ ሁሉ ቤዝ ነው፤ ቤዝ ሁሉ ግን አልካሊ አይደለም።

7ኛ ቀን

አሲድና አልካሊ ሲገናኙ። 20 ሚሊ ሊትር የ1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በፎም ኩባያ፤ ቴርሞሜትሩ 23 ዲግሪ። 20 ሚሊ ሊትር የ1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፤ እሱም 23። አንድ ላይ አፍስሰን አማሰልን፤ ቴርሞሜትሩ 29.5 ላይ ቆመ። ምንም አልተንተከተከም፣ ምንም አልጨሰም፣ ቀለምም አልተለወጠም። ኩባያውን በእጃቸው ይዘው ሙቀቱ ብቻ ነው የተሰማቸው።

ስሌቱን ጥቁር ሰሌዳ ላይ አብረን ሠራን። አንድ ሞል ሃይድሮጂን አዮን ከአንድ ሞል ሃይድሮክሳይድ አዮን ጋር ውሃ ሲሆን ወደ 57 ኪሎ ጁል ይወጣል። እኛ የነበረን 0.02 ሞል ነው፤ 1.14 ኪሎ ጁል። 40 ግራም ውሃ በዚህ 6.8 ዲግሪ ይሞቃል። ያገኘነው 6.5። የጎደለው ወደ ኩባያውና ወደ አየሩ የሄደ ነው።

ከዚያ የሚመጣው ጥያቄ ግልጽ ነበር፦ አሲዱ የት ሄደ? ሃይድሮጂኑ ከሃይድሮክሳይዱ ጋር ውሃ ሆነ። ሳይገናኙ ጎን ለጎን የቀሩት ሶዲየምና ክሎራይድ ናቸው። ብጥብጡን ሰፊ ሳህን ላይ አድርገን በቀስታ ማትነን ጀመርን፤ ሳይደርቅ እሳቱን አጥፍተን ለነገ አሳደርነው።

8ኛ ቀን

ሳህኑ ላይ ነጭ ቅንጣቶች። በአጉሊ መነጽር ሲታዩ ጠርዛቸው ቀጥ ያለ ትንንሽ ኪዩቦች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ላይ ደረጃ የሚመስል መስመር አለ። የገበታ ጨው ነው። 1.17 ግራም ጠብቀን 1.09 አገኘን፤ ጥቂቱ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ተጣብቆ አልፋቅ አለ።

አንድ ልጅ «ሁለት የሚያቃጥሉ ነገሮች ተገናኝተው ጨው?» እያለ ሳህኑን ሲያዞረው ቆየ። መቅመስ ፈለገ። አይቀመስም።

9ኛ ቀን

የልጅቷ ጥያቄ ቀን ደረሰ።

ሦስት ኮኒካል ፍላስክ አዘጋጀን፣ በእያንዳንዳቸው 5 ሚሊ ሊትር። ሀ፦ 1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ። ለ፦ ኮምጣጤ፣ ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ አሴቲክ አሲድ ይላል። ሐ፦ የተበረዘ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ከ0.1 ሞላሩ 4 ሚሊ ሊትር ወስደን እስከ 100 ሚሊ ሊትር በውሃ የሞላነው፣ ማለትም 0.004 ሞላር።

መጀመሪያ ከሦስቱም ከተረፈው ጥቂት ጥቂት ቀድተን በጎመን ውሃ አየን። ሀ ደማቅ ቀይ ነው። ለ እና ሐ ከነጭ ወረቀት ፊት አንድ ናቸው። ልጆቹን ዘወር በሉ ብዬ ቦታቸውን ለዋወጥኩ፤ ሲመለሱ የትኛው ኮምጣጤ እንደሆነ በዓይን ሊለይ የቻለ የለም። ፒኤች ወረቀቱም ለሁለቱ ከ2 እስከ 3 መሃል አንድ ቀለም ሰጠ። ስሌቱ ለሁለቱም 2.4 ይላል።

ከዚያ ፌኖልፍታሊን የሚባል ሌላ አመላካች ጨመርንባቸው። አሲድ ውስጥ ቀለም የለውም፤ አሲዱ አልቆ ፒኤች ከ8 ሲያልፍ ሮዝ ይሆናል። በቢዩሬት፣ ሚሊ ሊትር በተጻፈበትና ጠብታ በሚለቅ ረጅም ቀጭን ቱቦ፣ 0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ማንጠባጠብ ጀመርን። ልጅቷን ቢዩሬቱ ላይ አስቆምኳት።

ሐ፦ አንድ ጠብታ። ሁለት። ሦስት። በአራተኛው ሮዝ ሆነና ቀረ። አራት ጠብታ፣ 0.2 ሚሊ ሊትር።

ለ፣ ኮምጣጤው፦ አራት ጠብታ፣ ምንም። አሥር፣ ምንም። ጠብታዋ የምታርፍበት ቦታ ላይ ሮዝ ብልጭ ይልና ፍላስኩ ሲወዛወዝ ይጠፋል። ሃያ ሚሊ ሊትር አለፈ። «ቲቸር፣ ቢዩሬቱ የተበላሸ ይሆን?» አለችኝ። ቀጥዪ አልኳት። ሠላሳ። ሮዙ ለመጥፋት እየዘገየ መጣ። አርባ ላይ ጠብታ በጠብታ አደረገችው። 41 ሚሊ ሊትር ላይ አንዲት ጠብታ ወደቀች፣ ፍላስኩን አወዛወዘችው፣ ሮዙ አልጠፋም። ጆሮ ላይ እንዳለ ትንሽ አበባ ያህል ስስ ሮዝ።

ሀ፣ ባለ ጓንቱ አሲድ፦ 50 ሚሊ ሊትር።

ሰሌዳው ላይ ጻፍናቸው። ሀ፣ ፒኤች 0፣ 50 ሚሊ ሊትር። ለ፣ ፒኤች 2.4፣ 41 ሚሊ ሊትር። ሐ፣ ፒኤች 2.4፣ 0.2 ሚሊ ሊትር። ክፍሉ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ።

በቀለም ከሄድን ኮምጣጤው የተበረዘው አሲድ መንትያ ነው። በጠብታ ከቆጠርን ግን ኮምጣጤው ዘመዱ ያ በጓንት የምንይዘው ነው፤ 41 እና 50! ልጅቷ የጠየቀችው ጥያቄ ከጠበቅኩት በላይ ትክክል ነበር። በፍላስኩ ውስጥ ያለው የአሲድ መጠን ተቀራራቢ ነው። ታዲያ አንዱ ለምን ሰላጣ ላይ ይፈሳል?

ደወሉ ተደወለ። መልሱን ሳልነግራቸው ሸኘኋቸው፤ በዚያ ሌሊት ቢያስቡበት ይሻላል ብዬ ነው።

10ኛ ቀን

የወረቀት ክሊፕ ይዤ መጣሁ፤ 200 ቀይ፣ 200 ነጭ። ቀዩ ሃይድሮጂን፣ ነጩ የአሲዱ ቀሪ አካል። ሁለት ጠረጴዛ፣ ለእያንዳንዱ ይህን ያህል። በአንዱ ላይ ሁሉንም ለያይተን በተንናቸው፤ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውሃ ውስጥ ሲገባ እንዲህ ነው፣ ሁሉም ሃይድሮጂኑን ይለቃል። ጠንካራ አሲድ ማለት ይህ ብቻ ነው። በሌላው ጠረጴዛ 200ውን ጥንድ ጥንድ አድርገን አያያዝን፤ አንድ ጥንድ ብቻ ፈታን። ኮምጣጤ ውስጥ በአንድ ቅጽበት ከ200 ገደማ የአሴቲክ አሲድ ሞለኪውሎች የተፈታው አንዱ ነው። ደካማ አሲድ ማለት ይህ ነው።

የጎመኑ ቀለም የሚያየው የተፈቱትን ብቻ ነው፤ የታሰሩትን አይቆጥርም። ፒኤችም እንዲሁ።

ከዚያ አልካሊ ሆንኩ። ከኮምጣጤው ጠረጴዛ የተፈታውን አንድ ቀይ ክሊፕ አነሳሁ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ልጅ ወዲያው ሌላ ጥንድ መፍታት አለበት፤ ደንቡ ይህ ነው፣ ኮምጣጤ ውስጥም የሚሆነው ይህ ነው፤ የተፈታው ሲነሳ ከታሰሩት መሃል በምትኩ ይለቀቃል። አነሳሁ፣ ፈታ። አነሳሁ፣ ፈታ። ልጆቹ እየሳቁ ይቆጥሩ ነበር። በማንኛውም ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ያለው የተፈታ ቀይ አንድ ብቻ ነው፤ በመጨረሻ ግን ያነሳሁት 200 ሆነ። ለዚህ ነው ልጅቷ 41 ሚሊ ሊትር ያፈሰሰችው፤ ለዚህ ነው መሃል ላይ ሮዙ ብልጭ እያለ የጠፋው።

አንድ ልጅ ቁጥሮቹን አካፈለ፦ 41 ሚሊ ሊትር ለ0.2፣ 205። «ቲቸር፣ ያ ከ200 አንዱ እኮ ነው!» አለ። እኔ ልነግራቸው ያዘጋጀሁትን እሱ ቀደመኝ፤ በሥራዬ ከዚህ የሚበልጥ ደስታ የለኝም። ሁለቱ በፒኤች እኩል ስለሆኑ የተፈታው እኩል ነው፤ ልዩነቱ ሁሉ የታሰረው ነው።

አሲድና አልካሊን በአዮን የገለጸው ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ እንደሆነ በዚሁ ነገርኳቸው። ይህ አሳቡ የተነሳበትን የ1884 የዶክትሬት ጽሑፍ ፈታኞቹ ዝቅተኛ ውጤት ሰጥተውት ነበር፤ በ1903 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አገኘበት።

ቃላቱንም አጸዳን። ጠንካራና ደካማ የሚባለው ምን ያህሉ ይፈታል ለሚለው ነው። የተበረዘና ያልተበረዘ የሚባለው ምን ያህል አሲድ ውሃው ውስጥ ገብቷል ለሚለው ነው። ፍላስክ ሐ የተበረዘ ጠንካራ አሲድ ነው፤ ኮምጣጤው ከእሱ ይልቅ ብዙ አሲድ ያለው ደካማ አሲድ። «ደካማ» ማለት «አይጎዳም» ማለት እንዳልሆነ ጨመርኩ፤ ያልተበረዘ አሴቲክ አሲድ ቆዳ ያቃጥላል፣ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ በዚህ አቆጣጠር ደካማ ሆኖ ሳለ ከሁሉም አደገኛ ከሚባሉት አንዱ ነው።

ልጅቷ ደብተሯን ከፍታ የመጀመሪያውን ቀን መልሴን ፈለገች። «አንዱ ጠንካራ ስለሆነ» የሚለውን አልሰረዘችውም፤ ከሥሩ የራሷን ጻፈች። ተበድሬ ገለበጥኩት፦ «በጠርሙሱ ያለው አሲድ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተፈትቶ ይመጣብናል፤ ኮምጣጤው ግን ተራ በተራ ነው የሚለቀው።»

11ኛ ቀን

የጠርሙሶቹን ወረቀት መለወጥ ብቻ ቀረ። ከፍላስኮቹ የተረፈውን ገለልተኛ መሆኑን በሊትመስ አይተን ብዙ ውሃ ጨምረን ደፋነው። ከዚህ በፊት ጠርሙሶቻችን ላይ ስምና ፒኤች ብቻ ነበር። አሁን ልጅቷና ሁለት ጓደኞቿ ሦስተኛ መስመር እየጨመሩ ነው፦ 5 ሚሊ ሊትሩ ስንት ሚሊ ሊትር አልካሊ እንደሚወስድ። አሞኒያው ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ ለእሱ በአልካሊ ፋንታ አሲድ ማንጠባጠብ እንዳለባቸው ራሳቸው ደረሱበት። ጠርሙሱን ክፍት ቦታ አድርገው፣ ቢዩሬቱን አጥበው፣ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ እየሞሉት ነው።